ማርስ ላይ ያያችሁት ጉም አቧራ ነው

ለተከበሩ የመጽሔቱ አዘጋጅ፦

ባለፈው ዕትማችሁ የሳይንስ ዓምድ ላይ የወጣውን የማርስ ፎቶግራፍ አይቼ ዝም ለማለት ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም። ኪዩሪዮሲቲ የተባለችው ተሽከርካሪ ጌል ከሚባለው ሰፊ ጉድጓድ ውስጥ ሆና ያነሳችው ነው። ከፊት ድንጋዩና አሸዋው ጥርት ብሏል፤ ከኋላ የጉድጓዱ ጠርዝ የሆነው የተራራ ሰንሰለት ፈዝዞ ከሰማዩ ጋር ሊቀላቀል ምንም አልቀረውም። ጸሐፊያችሁ ከሥሩ «የማርስ ማለዳ ጉም ለብሶ» ብሎ ጻፈበት። ይህም አልበቃውም፤ ጉም ካለ ውሃ አለ፣ ውሃ ካለ አየሩ እየወፈረ ነው እያለ ቀጥሎ፣ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ሲደርስ የሰውን ልጅ እዚያው አስፍሮት አረፈ።

ጉም አይደለም፤ አቧራ ነው። ጡረታ የወጣሁ የፊዚክስ መምህር ስለሆንኩ አንድን ነገር መደጋገም አይታክተኝም።

የማርስ አየር ግፊት ምድር ላይ በባሕር ወለል ካለው ግፊት አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። እንዲህ የሳሳ አየር ብቻውን በ30 ኪሎ ሜትር ርቀት ያለን ተራራ አያደበዝዝም። የሚያደበዝዘው በአየሩ ላይ የተንሳፈፈው ብናኝ ነው፤ ከሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ እምብዛም የማይበልጥ፣ የብረት ዝገት ያዘለ ደቃቅ አቧራ። አጥቦ የሚያወርደው ዝናብ ስለሌለም ማዕበል በሌለበት ወቅት እንኳ ሰማዩ ሙሉ በሙሉ አይጠራም።

ማስረጃ የሚፈልግ እ.ኤ.አ. በጁን 2018 የተነሳውን የአቧራ ማዕበል ያስታውስ። ኪዩሪዮሲቲ የጉድጓዱን ጠርዝ በ7ኛውና በ10ኛው ቀን አነሳችው፤ በሦስት ቀን ውስጥ ተራራው በዓይን እያያችሁት ይደበዝዛል። በዚያው በ10ኛው ቀን፣ በፕላኔቷ ሌላኛው ወገን የነበረችው ሌላዋ ተሽከርካሪ ኦፖርቹኒቲ የመጨረሻ መልእክቷን ላከች። ሰማዩ ምን ያህል ብርሃን እንደሚጋርድ የሚያሳየው መለኪያ 10.8 ደርሶ ነበር፤ ይህ ማለት በቀጥታ ከሚመጣው የፀሐይ ጨረር ከሃምሳ ሺህ አንድ እጅ ያህሉ ብቻ መሬት ይደርሳል ማለት ነው። በፀሐይ ኃይል የምትሠራው ተሽከርካሪ ከዚያ በኋላ አልነቃችም፤ ናሳም በፌብሯሪ 2019 ተልእኮዋ ማብቃቱን አስታወቀ። የጸሐፊያችሁ ጉም ይሆን የገደላት?

«ማርስ ላይ ደመናም በረዶም አለ» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አለ። ፊኒክስ የተባለችው መንኮራኩር በ2008 ከደመና በረዶ ሲወርድ መዝግባለች፤ ግን ያ ወደ ሰሜን ዋልታ ተጠግቶ ነው፣ ጌል ደግሞ ከምድር ወገቧ አጠገብ ነው። ደግሞስ ምን ማለዳ ነው? በራሳችሁ ፎቶ ላይ ከፊት ያሉትን ድንጋዮች ጥላ እዩት፤ ከሥራቸው አልራቀም። ፀሐይ አናት ላይ ናት።

ጸሐፊያችሁን ያሳሳተው ቀለሙ ይመስለኛል። ስሜን ተራሮች ላይ ቆሞ ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ በእኛ ምድር ተራራ በራቀ ቁጥር ወደ ሰማያዊ ያደላል። በማርስ አቧራው ሰማያዊውን ብርሃን ስለሚውጥ የራቀው ወደ ቢጫና ቡናማ ይሄዳል። እናንተ ያተማችሁት ግን የጂኦሎጂ ባለሙያዎች ድንጋዩን በቀላሉ እንዲለዩት ትዕይንቱ በምድር ብርሃን ሥር ያለ እስኪመስል ቀለሙ የተስተካከለ ነው፤ አቧራው ወደ ሰማያዊ የሚያደላውም በዚህ የተነሳ ነው። ተሽከርካሪዋ እኮ ቀለማቸው አስቀድሞ የተለካ ምልክቶች ያሉት መለኪያ ተሸክማለች፤ አቧራ እንዳይሸፍናቸው ማግኔት ሁሉ ተገጥሞላቸዋል። መሐንዲሶቹ አቧራውን ገና ከምድር ሳይነሱ አስበውበታል።

ናሳ ሆን ብሎ ቀይ ቀለም ይቀባል የሚሉት ወገኖች ደግሞ መልስ አያስፈልጋቸውም። ቫይኪንግ 1 የተባለችው መንኮራኩር በጁላይ 1976 ማርስ ላይ ስታርፍ የመጀመሪያው ባለቀለም ፎቶ ሰማያዊ ሰማይ ይዞ ወጥቶ፣ ሰማዩ ሮዝ ነው ተብሎ ሲታረም የተሰበሰቡት ጋዜጠኞች በተቃውሞ ጮኸዋል። ሰው የራሱን ሰማይ እዚያም ማየት ይወዳል። ዓይናችን ርቀትን የሚገምተው በለመደው አየር ነው። አየር በሌለባት ጨረቃ ላይ የአፖሎ 14 ጠፈርተኞች በ1971 ኮን የተባለውን ጉድጓድ አፋፍ ሲፈልጉ ርቀቱ አልያዝ ብሏቸው፣ ሠላሳ ሜትር ያህል ሲቀራቸው ሳያዩት ተመለሱ። እነዚያ በቦታው የነበሩ ሰዎች ናቸው፤ የእኛ ጸሐፊ ከወንበሩ ሳይነሳ ጉም አየ።

ነገርን ነገር ያነሳዋልና፣ ከዚያ በፊት ባወጣችሁት ዕትም ሽፋን ላይ የስሜንን ተራሮች ጭጋግ በኮምፒውተር ጠርጋችሁ አጥፍታችሁታል። የቅርቡና የሩቁ ገደል አንድ ላይ ተለጥፎ ካርቶን መስሏል። በማርስ የሌለ ጉም ትጨምራላችሁ፣ በአገራችን ያለውን ትሰርዛላችሁ። ስለዚያም ጽፌላችሁ ነበር፤ መልስ ግን አላገኘሁም። ለኮከብ ቆጠራ ሁለት ሙሉ ገጽ የሚተርፈው መጽሔት ለአንድ እርማት ቦታ አጣ።

መጽሔታችሁን ክፍል ውስጥ የሚያስነብቡ መምህራን አሉ። በሚቀጥለው ዕትም እርማቱን አውጡ፤ ከእንግዲህም የሌላ ፕላኔት ፎቶ ስታትሙ የተነሳበትን ቀን፣ ያነሳውን ካሜራና ቀለሙ ተስተካክሎ እንደሆነ ከሥሩ ጻፉ። ሁለት መስመር ይበቃል።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ