የሳይበርፐንክ 2077 የገበያ ዘመቻና የሸማቹ አመኔታ

የቪዲዮ ጨዋታ ኢንዱስትሪን ከሌሎች የንግድ ዘርፎች የሚለየው አንዱ ጠባይ፣ ምርቱ ተሠርቶ ሳያልቅ ሽያጩ የሚጀመር መሆኑ ነው። ኩባንያዎች ጨዋታው ለገበያ ከመቅረቡ ዓመታት አስቀድመው አጫጭር የማስታወቂያ ፊልሞችን ያሠራጫሉ፤ በታላላቅ ትርዒቶች ላይ ያስተዋውቃሉ፤ ቀጥሎም ከደንበኞች የቅድሚያ ክፍያ ይሰበስባሉ። የፖላንዱ ሲዲ ፕሮጀክት ኩባንያ ሳይበርፐንክ 2077 የተሰኘውን ጨዋታ ለገበያ ያቀረበበት ሂደት የዚህን አሠራር ጥቅምም ጉዳትም በጉልህ ያሳያል።

እ.ኤ.አ. በ1994 በዋርሶ የተመሠረተው ይህ ኩባንያ፣ በ2015 ለገበያ ባቀረበው ዘ ዊቸር 3 በተሰኘው ሥራው በዓለም ዙሪያ መልካም ስም አትርፎ ነበር። ሳይበርፐንክ 2077ን በ2012 ይፋ ካደረገ በኋላም የሸማቹን ጉጉት ለስምንት ዓመታት ያህል ሲገነባ ቆይቷል። ዘመቻው ከፍተኛ ደረጃ ላይ የደረሰው በጁን 2019 ሲሆን፣ ታዋቂው የፊልም ተዋናይ ኪያኑ ሪቭስ በሎስ አንጀለስ በማይክሮሶፍት መድረክ ላይ ቀርቦ ጨዋታው በኤፕሪል 16 ቀን 2020 እንደሚወጣ አብስሯል።

ይሁን እንጂ ቀኑ ሦስት ጊዜ ተራዝሟል። የመጨረሻው መራዘም የተገለጸው፣ ኩባንያው የጨዋታው ዋና ቅጂ ለኅትመት መብቃቱን ካስታወቀ ሦስት ሳምንታት በኋላ ነበር። ያም ሆኖ የሸማቹ ጉጉት አልቀዘቀዘም። ጨዋታው በዲሴምበር 10 ቀን 2020 ሲወጣ ከስምንት ሚሊዮን በላይ ሰዎች ቀድመው ገዝተውት ነበር።

ችግሩ የተከሰተው በታየው ሳይሆን ሳይታይ በቀረው ላይ ነው። ኩባንያው ከሽያጩ በፊት ለገምጋሚ ጋዜጠኞች የሰጠው በኮምፒዩተር የሚሠራውን ቅጂ ብቻ ሲሆን፣ ራሳቸው የቀረጹትን ምስል እንዳያሳዩም ገድቧቸው ነበር። ከ2013 ጀምሮ በገበያ ላይ በነበሩት ፕሌይስቴሽን 4 እና ኤክስቦክስ ዋን መሣሪያዎች ላይ ግን ጨዋታው በተደጋጋሚ ይቋረጥ፣ ምስሉም ይበላሽ ነበር። የእነዚህ መሣሪያዎች ባለቤቶች አስቀድመው የከፈሉበት ነገር "ላም አለኝ በሰማይ" ሆነባቸው።

ኩባንያው ጨዋታውን በእነዚህ መሣሪያዎች ላይ አስቀድሞ ባለማሳየቱ በዲሴምበር 14 ይቅርታ ጠይቆ፣ ያልረኩ ደንበኞች ገንዘባቸውን ማስመለስ እንደሚችሉ አስታወቀ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሶኒ ጨዋታውን ከኢንተርኔት መደብሩ ያነሳው ሲሆን፣ የመለሰውም በጁን 2021 ነው። የፖላንድ የሸማቾች ጥበቃ መሥሪያ ቤት የኩባንያውን የማረም ሥራ መከታተል ጀመረ። በዩናይትድ ስቴትስ ባለአክሲዮኖች የመሠረቱት ክስም በ1 ነጥብ 85 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት እልባት አገኘ።

ከሽያጭ አኳያ ሲታይ ዘመቻው ከሸፈ ሊባል አይችልም። በ2020 መጨረሻ 13 ነጥብ 7 ሚሊዮን ቅጂዎች ተሸጠዋል። ኩባንያው ጉድለቶቹን ለዓመታት ሲያርም ቆይቶ በሴፕቴምበር 2023 ከፍተኛ ማሻሻያና ተጨማሪ ክፍል ካቀረበ በኋላም የሸማቹን አመኔታ በአብዛኛው ለማደስ ችሏል። ሆኖም ይህ ጥገና ከሽያጩ በፊት መከናወን የነበረበት ሥራ መሆኑ አይካድም።

ሲዲ ፕሮጀክት በማርች 2021 ባወጣው አዲስ ስትራቴጂ፣ ወደፊት የማስታወቂያ ዘመቻዎቹን እንደሚያሳጥርና ምርቱ ለመውጣት ሲቃረብ ብቻ በስፋት እንደሚጀምር አስታውቋል። ውሳኔው ከሂደቱ ትምህርት መወሰዱን ያመለክታል። ዳሩ ግን ለሸማቹ ዋስትና የሚሆነው የዘመቻው ማጠር ብቻ አይደለም። የሚሸጠው ምርት ገዢው በእጁ በያዘው መሣሪያ ላይ ምን እንደሚመስል ከክፍያው በፊት በግልጽ መታየት ይኖርበታል። በቅድሚያ የሚከፍል ደንበኛ ከገንዘቡ ጋር አመኔታውንም አብሮ ያስረክባል፤ ገንዘቡ በቀናት ውስጥ ሊመለስ ቢችልም፣ አመኔታው ግን ዓመታትን ይጠይቃል።