«ተበላሽቷል» ከማለታችን በፊት



በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ጉዳይ ለአንዳንዶች ቀላል፣ ለሌሎችም ቧልት መስሎ ሊታይ ይችላል። ጉዳዩ በኮምፒውተር የሚነዳው የባቡር ጨዋታ ነው። ከማኅበራችን አባላት መካከል ቁጥራችን ጥቂት ያልሆነ ተማሪዎች ማታ ማታ ከጥናት በኋላ ሎኮሞቲቭ እንነዳለን። ይህን የሰሙ ወገኖች «ለትምህርት ባሕር ተሻግሮ የመጣ ሰው እንዴት የሕፃን መጫወቻ ይዞ ያመሻል?» ሲሉ ይወቅሱናል። ወቀሳቸው ከእውነት የራቀ አይደለም። በፈተና ሰሞን ፉርጎ ሲጎትት ያደረ ተማሪ የሚከላከልበት ቃል የለውም፤ እኔም ጠበቃ አልቆምለትም።

የዛሬው ክርክሬ ግን ከወቃሾቻችን ጋር ሳይሆን ከራሳችን ከነጂዎቹ ጋር ነው። በመካከላችን አንድ መጥፎ ልማድ ሥር ሰዷል። አዲስ ሎኮሞቲቭ እናመጣለን፤ አልንቀሳቀስ ወይም ድምፅ አልሰጥ ሲለን «ተበላሽቷል» እንላለን፤ እናጠፋዋለን፤ ሌላ እናመጣለን። ሁለተኛውም እንደ መጀመሪያው ሲሆን ሠሪውን እንረግማለን። የእኔ አቋም ይህ ነው፦ «ተበላሽቷል» የምርመራ ውጤት እንጂ የምርመራ መጀመሪያ አይደለም። ሳይመረምሩ ከተናገሩት ቃሉ የስንፍና መሸፈኛ ይሆናል። ልማዱም ኮምፒውተሩ ውስጥ ተዘግቶ አይቀርም፤ ወደ ሥራችን ተከትሎን ይመጣል። ይህን የምለው በራሴ ስለ ደረሰብኝ ነው፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ጨዋታውን ለማያውቁ ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልጋል። ማይክሮሶፍት የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2001 «ትሬን ሲሙሌተር» የሚባል ጨዋታ አወጣ። አብረውት የመጡት ሎኮሞቲቮች ጥቂት ነበሩ፤ ሆኖም በየአገሩ ያሉ የባቡር ወዳጆች የየራሳቸውን እየሠሩ ያክሉበት ጀመር። በኋላም በጎ ፈቃደኞች ተሰባስበው ያንኑ ሀብት የሚያስነዳ «ኦፕን ሬይልስ» የሚባል ፕሮግራም ሠሩ፤ አንደኛው ሙሉ እትም በ2015 ወጣ። ያለ ክፍያ የሚገኝ ስለሆነና አሮጌ ኮምፒውተርም ስለሚችለው አብዛኞቻችን የምንጠቀመው በዚህ ነው። እንግዲህ የጨዋታው ሀብትም ችግሩም የሚመነጨው ከአንድ ምንጭ ነው፤ እያንዳንዱ ተጨማሪ ሎኮሞቲቭ የተለየ ሰው እጅ ሥራ ነው። አንዱ በሰፊው መመሪያ ጽፎ ያወጣል፤ ሌላው ምንም ሳይል ይለቅቀዋል። ስለዚህ ችግሩን በሁለት ከፍለን እንየው።

ሀ. ስለ አጫጫን

ሎኮሞቲቩ ገብቶ ሳለ ድምፅ የለውም፤ ወይም ጋቢናው አይታይም። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የሎኮሞቲቩ መበላሸት አይደለም። ሠሪዎች ቦታና ድካም ለመቆጠብ ሲሉ የራሳቸውን ጋቢናና ድምፅ በመሥራት ፈንታ ከ2001ዱ ጨዋታ ጋር ከመጡት ሎኮሞቲቮች ይዋሳሉ። የሎኮሞቲቩን ጠባይ የሚወስነው፣ ስሙ በ«ኢ.ኤን.ጂ.» የሚያልቀው ፋይል «ድምፄን ከእገሌ ፎልደር ውሰድ» ብሎ ያዛል። ያ ነባር ጨዋታ ኮምፒውተሩ ላይ ከሌለ አበዳሪው የለም ማለት ነው፤ ተበዳሪውም ድዳ ሆኖ ይቀራል። እንዲህ ያለውን ሎኮሞቲቭ አሥር ጊዜ አጥፍተን አሥር ጊዜ ብንጭነው አሥር ጊዜ ድዳ ይሆናል። የጎደለው እሱ ውስጥ አይደለምና።

የጎደለውን ለማወቅ ጠንቋይ አያሻም። ኦፕን ሬይልስ በተነሣ ቁጥር የሚጽፈው የሎግ ፋይል አለ፤ ካልቀየርነው በቀር ዴስክቶፕ ላይ ይቀመጣል። የትኛውን ፋይል ፈልጎ እንዳጣ፣ በየትኛው ፎልደር እንደፈለገው ያሰፍርበታል። ይህ የበሽተኛው ካርድ ነው። ካርዱን ሳይገልጥ መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም ምን እንደሚባል ለእናንተ አልነግርም።

አንዳንድ ደፋሮች ደግሞ ያንኑ የኢ.ኤን.ጂ. ፋይል ከፍተው በእጃቸው ያርማሉ። ድፍረቱ የሚመሰገን ነው፤ ነገር ግን ሁለት ነገር ያስታውሱ። አንደኛ፣ ከማረም በፊት ቅጂ ይያዝ። ሁለተኛ፣ ፋይሉ ዩኒኮድ በሚባለው አጻጻፍ የተቀመጠ ስለሆነ ሲያስቀምጡት በዚያው ይሁን፤ በሌላ አጻጻፍ የተቀመጠውን ነባሩ ጨዋታ ማንበብ ይሳነዋል። እዚህ ላይ ሎኮሞቲቩን ያበላሸው ሠሪው ሳይሆን ጠጋኙ ነው።

ለ. ስለ አነዳድ

ሁለተኛው ችግር ከዚህ ይበልጥ ያስተምራል። ሎኮሞቲቩ ተጭኗል፤ ድምፁም ጋቢናውም ሙሉ ነው፤ ሞተሩ ያጓራል፤ ባቡሩ ግን ፍንክች አይልም። ነጂያችን የጉልበት እጀታውን እስከ መጨረሻው ይገፋዋል። በዚህ ጊዜ መጠየቅ የሚገባው ከቀላሉ ወደ ከባዱ በተራ ነው። የአቅጣጫ እጀታው ወደ ፊት ነው ወይስ መሐል ላይ? ሎኮሞቲቩ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ከሆነ ፓንቶግራፉ፣ ማለትም ከጣሪያው ወደ ሽቦው የሚነሣው ክንድ፣ ተነሥቷል ወይ? ዋናው ማብሪያስ ተዘግቷል? የነጂውን ንቃት የሚጠብቀው መሣሪያ ባቡሩን ይዞት እንደሆነስ? ይህ ሁሉ ደኅና ከሆነ ወደ ፍሬኑ እንሂድ።

የባቡር ፍሬን ከመኪና ፍሬን ጋር አንድ የሚመስላቸው አሉ። አሠራሩ ተቃራኒ ነው። አሜሪካዊው ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ በ1872 ባወጣው ዘዴ መሠረት በባቡሩ ርዝመት ሁሉ አንድ የአየር ቱቦ ያልፋል። ቱቦው በአየር ሲሞላ ፍሬኑ ይለቃል፤ አየሩ ሲቀንስ ፍሬኑ ይይዛል። በአውሮፓ ባቡሮች ላይ ሙሉው ግፊት 5 ባር ሲሆን፣ ወደ 3.5 ባር ገደማ ሲወርድ ፍሬኑ በሙሉ ኃይሉ ይይዛል። ዘዴው የተፈለሰፈው ለምን እንደሆነ ልብ በሉ። ፉርጎ ተበጥሶ ወደ ኋላ ቢቀር ቱቦው ይቀደዳል፤ አየሩ ያመልጣል፤ ፉርጎው በራሱ ይቆማል። ማለትም ባቡሩ አንድ ነገር ሲጎድለው መቆሙ በሽታ ሳይሆን መከላከያ ነው። የቆመ ባቡር ሁሉ የተበላሸ ባቡር አይደለም፤ ብዙ ጊዜ እንደ ሥራው የሠራ ባቡር ነው።

የራሴን ግለ ሂስ እዚህ ላይ ላቅርብ። ባለፈው ዓመት አንድ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ አምጥቼ ጣቢያ ላይ ቆመው ከነበሩ ፉርጎዎች ጋር አጋጠምሁት። አልንቀሳቀስ አለኝ። ሦስት ምሽት ታገልሁ። በሦስተኛው ምሽት ሎኮሞቲቩን፣ ከእሱም ጋር ለወራት የሰበሰብሁትን ሐዲድና ፉርጎ ሁሉ አጥፍቼ እንደ አዲስ ጫንሁ። አሁንም ፍንክች የለም። ሠሪውን ያላልሁት ነገር የለም። በመጨረሻ አንድ የምህንድስና ተማሪ ወንድማችን አጠገቤ ተቀመጠና «ኤፍ 5ን ተጫን» አለኝ። የየፉርጎው የአየር ግፊት ተዘረዘረ። የሎኮሞቲቩ ቱቦ ሙሉ ነው፤ ከመጀመሪያው ፉርጎ ጀምሮ ግን ባዶ። ፉርጎዎቹን አጋጠምኋቸው እንጂ የአየር ቱቦውን አላገናኘሁትም ነበር። በአንድ ቁልፍ ተገናኘ፤ አየሩ እስኪሞላ ጥቂት ጠበቅን፤ ባቡሩ ሄደ። ሳቅን፤ ሻይ ጠጣን፤ ነገሩ በዚሁ ያለቀ መሰለኝ።

አላለቀም። ከጥቂት ወራት በኋላ በምንማርበት ሆስፒታል የማታ ተረኛ ነበርሁ። በአፍንጫው ኦክስጅን የሚወስድ አንድ ሽማግሌ ጣት ላይ የተሰካው መለኪያ 84 ይላል፤ ይጮሃልም። ይኸው መለኪያ እጅ ሲቀዘቅዝ የተሳሳተ ቁጥር እንደሚሰጥ ተምሬያለሁ። ሰውየው ደግሞ ዝም ብለው ተኝተዋል። «ይህ መሣሪያ ተበላሽቷል» አልሁና ሌላ ላመጣ ተነሣሁ። ሲስተሯ አንዲት የቆየች ሠራተኛ ነች። «መሣሪያውን ተወውና ሰውየውን እየው» አለችኝ። ከንፈራቸው ጠቁሯል፤ ትንፋሻቸው ፈጣን ነው። እሷ ከአፍንጫቸው ጀምራ ቱቦውን በእጇ እየተከተለች ግድግዳው ድረስ ሄደች። ቱቦው ግድግዳው ላይ ካለው መስጫ ወልቆ ወለሉ ላይ ወድቋል። መለሰችው። ቁጥሩ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ወጣ።

እኔ ሌላ መለኪያ ፍለጋ ኮሪደሩን ስዞር ብቆይ ኖሮ ምን ሊሆን እንደሚችል ማሰብ አልወድም። በጨዋታው ያልተገናኘ ቱቦ አይቻለሁ፤ ትምህርቱን ግን አልወሰድሁም። የወሰድሁት ዘዴውን እንጂ ልማዱን አልነበረም። «ተበላሽቷል» የምትለው ቃል አንደበቴ ላይ ተዘጋጅታ ስለነበር ቀድማ ወጣች። ማስጠንቀቂያ ሲሰማ ማስጠንቀቂያውን መጠርጠር የሚቀል ነው፤ ከአልጋው እስከ ግድግዳው መሄድ ግን ሥራ ነው።

ሐ. ለተቃዋሚዎች መልስ

አንዳንድ ጓደኞች «ጥፋቱ የሠሪዎቹ ነው፤ ምን ምን እንደሚያስፈልገው ሳይጽፉ ሎኮሞቲቭ ለሰው መስጠት አግባብ አይደለም» ይላሉ። እውነት አላቸው። ሆኖም የሠሪው ጥፋት የእኛን አያነጻም። በነጻ የተሰጠንን ሥራ ሳንመረምር ስንጥለው፣ የጎደለውን ለሠሪው ጽፈን ብንልክ ሊታረም የሚችለውንም አብረን እንጥላለን።

ሌሎች ደግሞ «ሲሙሌተር ሐሰት ነው፤ እውነተኛ ባቡር ሲወድቅ ሰው ይሞታል» ይላሉ። ይህም ልክ ነው። የጨዋታው ጥቅም ግን እዚሁ ላይ ነው፤ ሦስት ምሽት ሙሉ ስሳሳት የሞተ ሰው አልነበረም። ለስሕተት እንዲህ ያለ ርካሽ ቦታ ካገኘን ልንማርበት ይገባል እንጂ ስሕተቱን በማጥፊያ ቁልፍ ልንሸሸው አይገባም።

ነገሩ አገራችንንም ይነካል። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ሎኮሞቲቮቹ በሙሉ ከውጭ የመጡ ነበሩ። ለብዙ አሥርት ዓመታት ያቆያቸው ግን የድሬዳዋው ወርክሾፕና ሸሚንደፈር እየተባሉ ይጠሩ የነበሩት ሠራተኞች እጅ ነው። «ተበላሽቷል» ተብሎ የገባውን ፈትተው፣ አይተው፣ ጠግነው መልሰው ሐዲዱ ላይ አውለዋል። ከ2018 ጀምሮ ጭነትና መንገደኛ የሚያመላልሰው የኤሌክትሪክ ባቡርም እንዲሁ ከውጭ የመጣ ነው። እኛም ነገ የምንገባባቸው ሆስፒታሎች መሣሪያ እንደዚያው ነው። «አይሠራም» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ኮሪደር ላይ አቧራ የሚጠጣ መሣሪያ አይቶ የማያውቅ የሕክምና ተማሪ ካለ እሱ ዕድለኛ ነው። ከነዚያ መካከል በእርግጥ ያለቀላቸው አሉ። አንዲት ፊውዝ፣ አንዲት ቱቦ ወይም አንድ ያልተነበበ መመሪያ ብቻ የጎደላቸው ስንቶቹ እንደሆኑ ግን ወረቀቱ አይነግረንም። «አይሠራም» ብሎ የለጠፈው ሰው ያየውን ነገር አብሮ አልጻፈምና።

ስለዚህ ለማኅበራችን አባላት ሦስት ነገር አሳስባለሁ።

1ኛ. ሎግ ፋይሉንና መመሪያውን ሳያነብ ማንም ሎኮሞቲቭ አያጥፋ። ሲሞክርም በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጥ፤ ሦስት ነገር በአንድ ላይ የለወጠ ሰው ባቡሩ ቢሄድ እንኳ ለምን እንደሄደ አያውቅም።

2ኛ. ሎኮሞቲቭ ለጓደኛው የሚሰጥ ሰው መመሪያውንና ከየት እንደሚዋስ የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ አብሮ ይስጥ።

3ኛ. በማኅበሩ ክፍል አንድ ተራ ደብተር ይቀመጥ። ምልክቱ ምን ነበር? ምን ተመረመረ? ምን ተገኘ? እነዚህ ሦስት መስመሮች ይበቃሉ። የተሸነፍንባቸውም ይጻፉ። የመጀመሪያውን ገጽ እኔ ባለፈው ዓመቱ ቱቦዬ እከፍተዋለሁ።

በዚህ ጽሑፍ የማይስማማ አባል ካለ ሂሱን ለሚቀጥለው እትም ይላክልን። ሎኮሞቲቭ አልሄድ ብሎት የተቸገረ ደግሞ ሳያጠፋው በፊት ማክሰኞ ማታ ይዞት ይምጣ። አብረን ከአፍንጫው እስከ ግድግዳው እንከተለዋለን።