«ሞዴሉ አልፎበታል»

የአዲስ አበባ ኮምፒዩተር ሱቆች የሞት ፍርድ የሚሰጡባት አንዲት አባባል አለቻቸው፤ «ሞዴሉ አልፎበታል»። ስክሪኑ የጠቆረ አሮጌ አይማክ ተሸክማችሁ ሂዱ፣ ሰባት ሱቅ ብትዞሩ ሰባቱም ይቺኑ ይሏችኋል። ስምንተኛው ደግሞ ዝቅ ባለ ድምፅ «ለመለዋወጫ እንውሰደው?» ይላል። ሞቷል የተባለውን ለምን እንደሚገዛው እንጃ!

አባባሏ እርግጥ ከአምራቹ የመጣች ናት። አፕል አንድን ሞዴል ለሽያጭ ማቅረብ ካቆመ ከ7 ዓመት በላይ ሲሆነው ጊዜ ያለፈበት ብሎ ይመድበዋል። ግን ለአፕል ያለፈበት ለእኛ አላለፈበትም። በእኛ ዕድሜ የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብሩ፣ ፖስተር የሚሠሩ ልጆች ስንቶቹ እንጀራቸው ከእነዚህ ሁለተኛ እጅ ማሽኖች ላይ ነው! የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህማ አዲስ ግዙ ማለት ቀልድ ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር።

ስክሪን ፍለጋ ከመውጣታችሁ በፊት በእርግጥ የሞተው ስክሪኑ መሆኑን እዩ። ማሽኑን አብሩና የስልካችሁን ባትሪ መስታወቱ ላይ በጎን አብሩበት። ደብዘዝ ያለ ምስል ከታየ የጠፋው ከኋላ የሚያበራው መብራት ወይም ኃይል የሚሰጠው ክፍል ነው። ሌላ ሞኒተርም ሰክታችሁ ሞክሩ፤ መስመር መስመሩ እዚያም ከመጣ ጣጣው የግራፊክስ ካርዱ ነው። የእ.ኤ.አ. 2011ዱ 27 ኢንች በዚህ ስለታወቀ አፕል ራሱ እ.ኤ.አ. በ2013 ለአንዳንዶቹ በነጻ ቀይሮ ነበር።

ስክሪኑ ከሆነ ደግሞ «የ27 ኢንች አይማክ ስክሪን አላችሁ?» ብሎ መጠየቅ የትም አያደርስም። እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2013 የወጡት 27 ኢንቾች ስክሪናቸው የኤልጂ ሥራ ነው፤ ስሙም «ኤልኤም270ደብሊውኪው1» ብሎ ይጀምራል። ነገሩ ያለው ከዚያ ቀጥለው በቅንፍ በሚመጡት ፊደላት ላይ ነው። እስከ 2011 ያሉት መስታወታቸው በማግኔት የተያዘ፣ ስክሪኑ በብሎን የታሰረ ነው። ከ2012 መጨረሻ ጀምሮ ግን ስክሪንና መስታወት አንድ ላይ ተጣብቀው ከአካሉ ጋር በማጣበቂያ ታሽገዋል፣ በተከፈተ ቁጥርም አዲስ ማጣበቂያ ይፈልጋሉ። የአንዱ ለሌላው አይሆንም። ትክክለኛው ቁጥር ከስክሪኑ ጀርባ በተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ። ጠጋኙ ሲከፍተው ፎቶ አንሱት። በተለይ ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ የምታስመጡ ከሆነ ቁጥሩን ፊደል በፊደል ላኩ፤ የ27 ኢንች መስታወት ተሸክሞ የመጣን ሰው «ይሄ አይደለም» ማለት ይከብዳል።

ክርክራችን ግን ከሱቆቹ ጋር ነው። ማዘርቦርዳቸው ተቃጥሎ ስክሪናቸው ደህና የሆኑ አይማኮች እዚሁ ከተማ፣ ለመለዋወጫ በሚገዙት ሱቆች ጓዳ አሉ። ማን ምን እንዳለው የሚያውቅ የለም እንጂ። እያንዳንዱ ሱቅ የሚገዛውን ማሽን የስክሪን ቁጥር ደብተር ላይ ቢጽፍ፣ በር ላይ ወይም በቴሌግራም ቢለጥፍ ምን ይጎዳል? ሻጩም ይሸጣል፣ እኛም ከአሜሪካ ሻንጣ አንጠብቅም።

እስከዚያው ሌላ ሞኒተር ሰክታችሁ ሥሩ። እነዚህ ሁሉ ማሽኖች ከኋላቸው ሚኒ ዲስፕሌይፖርት የሚቀበል ቀዳዳ አላቸው። ባዶ ጀርባ ብቻ ከታያችሁ ኮማንድና ኤፍ1ን አብራችሁ ተጫኑ።