9.8 ካልመጣ ማርክ የለም

አምስት ነበርን። አንድ ክር፣ አንድ የብረት ኳስ፣ አንድ ጫፉ የተሰበረ ማስመሪያ እና የአንዳችን ሞባይል። ሥራው ቀላል ነው፤ ክሩን 1 ሜትር አድርጎ መስቀል፣ ኳሷን ትንሽ ገፋ አድርጎ መልቀቅ፣ 10 ጊዜ ሄዳ እስክትመለስ ሰዓት መያዝ። 20.27 ሰከንድ አገኘን። በፎርሙላው ስናሰላው የመሬት ስበት 9.61 ሆኖ መጣ። ደስ ብሎን ለላብ አሲስታንቱ አሳየነው። "ይሄ ምንድነው? 9.8 ነው መምጣት ያለበት። ድገሙት" አለን። ደገምነው፤ አሁንም 9.6 ምናምን። ከኋላችን ሌላ ግሩፕ ተራ ይጠብቃል፣ የካፌ ሰዓት ደግሞ ሊያልፍ ነው። ከመካከላችን አንዱ (ዛሬ ኢንጂነር ነው፣ ድልድይ ላይ ባይመድቡት እንመርጣለን) ላጲሱን አወጣና 20.27ን 20.07 አደረጋት። አንዲት ቁጥር ናት የተነካችው። 9.80 ቁልጭ ብሎ መጣ። ከ5 አምስት ሰጡን።

ይህን የምንጽፈው ለመናዘዝ አይደለም። ኑዛዜውስ ጊዜው አልፏል፣ ማርኩም አይመለስም። የምንጽፈው ዘንድሮ የገቡ ፍሬሾችም ይችኑ 9.8 ሲፈበርኩ ስላየን ነው። የሲኒየር ላብ ሪፖርት ዛሬም ከዶርም ዶርም ይዞራል፤ ድሮ በፎቶኮፒ ነበር፣ አሁን በቴሌግራም ሆኗል። ልዩነቱ ይኸው ነው። (ላብ የሚባለው ነገር ያለ ምንም ላብ የሚሠራበት አገር ውስጥ መሆናችንን ልብ በሉልን።)

ነገሩን በፊዚክስ ዓይን እንየው። ሞባይሉን የያዘው ልጅ ጣቱ ሲጀምርም ሲያቆምም ትንሽ ትንሽ ይዘገያል ወይም ይቀድማል። ተደምሮ 0.2 ሰከንድ ቢሳሳት ከ20 ሰከንዱ 1 በመቶ መሆኑ ነው። በፎርሙላው ውስጥ ጊዜው በራሱ ስለሚባዛ ስህተቱ 2 በመቶ ይሆናል። ስለዚህ የእኛ 9.61 በትክክል ሲጻፍ "9.6፣ ወደላይም ወደታችም 0.2" ነው። ማለትም ከ9.4 እስከ 9.8 ባለው ውስጥ የሆነ ቦታ። በክርና በሞባይል ለሚሠራ ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለም፤ መልሱ ደግሞ እውነት ነው። እኛ ግን እውነቱን በላጲስ አጥፍተን ውሸቱን አስገባን፣ ለውሸቱም ሙሉ ማርክ ተከፈለን።

ደግሞስ ያ 9.8 ራሱ ከየት መጣ? በመጽሐፍ ጀርባ የምናየው 9.80665 እ.ኤ.አ. በ1901 የዓለም የመለኪያ ጉባኤ ለጋራ ስምምነት ሲል የቆረጠው ቁጥር እንጂ እያንዳንዱ ከተማ ላይ ወርዶ የተለካ አይደለም። ስበት እንደ ቦታው ይለያያል። ወደ ምድር ወገብ ሲቀርቡ ይቀንሳል፣ ከፍታ ሲጨምርም ይቀንሳል። ፓሪስ ላይ 9.81 ነው። ከምድር ወገብ ብዙም የማትርቀው፣ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለችው አዲስ አበባ ላይ ግን ወደ 9.77 ይጠጋል። በእኛ ክርና ማስመሪያ ይህ ልዩነት አይታይም፣ እሱን አላጣነውም። ግን አንድም ቀን "ለምን 9.8 መምጣት አለበት?" ያለ ሰው አልነበረም፤ ጠያቂውም መላሹም ማርኩን ነበር የሚያዩት።

ክሳችን እንግዲህ ይህ ነው፦ በዩኒቨርሲቲዎቻችን የአንደኛ ዓመት የፊዚክስ ማርክ የሚከፈለው ላወቀ ሳይሆን የሚያውቅ ለመሰለ ነው።

ሊያሳምናችሁ ካልቻለ ይህችን ጥያቄ ኤ ያገኘ ጓደኛችሁን ጠይቁልን። አንድ ሲኖትራክ ከአንዲት ቪትዝ ጋር ፊት ለፊት ተጋጨ (እግዜር ያውጣን)። ሲኖትራኩ ቪትዟን የመታበት ኃይል ይበልጣል ወይስ ቪትዟ ሲኖትራኩን የመታችበት? ሰቃይ የሚባሉት ልጆች ሳይቀሩ "ሲኖትራኩ ነዋ!" ይሏችኋል። መልሱ እኩል ነው። የኒውተን ሦስተኛ ሕግ ይኸው ነው። ቪትዟ የምትጨማደደው ክብደቷ ትንሽ ስለሆነ ያው ኃይል እሷን በብዙ ስለሚለውጣት ነው። ሕጉን ሁላችንም በቃላችን እንወጣዋለን፤ ስድስተኛ ክፍል ያለ ማሙሽም ያውቀዋል። ፋይናል ላይ ግን የመጣልን ዘንበል ባለ ወለል ላይ የሚንሸራተት ሳጥን ነበር፤ ወርክሺቱ ላይ የነበረው ሳጥን፣ ቁጥሩ ብቻ ተቀይሮ። ሸመደድነው፣ ሰቀልነው፣ ወጣን።

ይህ የእኛ አገር በሽታ ብቻ ቢሆን "ድህነት ነው" ብለን እናልፈው ነበር። አይደለም። የሃርቫርዱ ፕሮፌሰር ኤሪክ ማዙር የሲኖትራኩን ዓይነት ጥያቄዎች ለራሱ ተማሪዎች ሲሰጥ፣ አንዷ ተማሪ መልሱን እሱ ባስተማራቸው መንገድ ትስጥ ወይስ እሷ በምታስበው መንገድ እንደሆነ ጠየቀችው። ሁለቱ የተለያዩ መሆናቸውን ልጅቷ ታውቃለች ማለት ነው! ማዙር ደነገጠ፣ ከ1991 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮም ክላሱን ቀየረ፤ ጥያቄ ያቀርባል፣ ተማሪዎች ጎን ለጎን ይከራከራሉ፣ እንደገና ይመልሳሉ። በ1998 ደግሞ ሪቻርድ ሄክ የተባለ አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ 62 ክላሶችን፣ ከ6,500 በላይ ተማሪዎችን አመሳክሮ አወጣ። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ጽፎ በሚወጣባቸው ክላሶች የነበሩት ሲጀምሩ ከማያውቁት ውስጥ ሩቡን እንኳ ሳይዙ ወጡ። እየተከራከሩ የተማሩት ግን ግማሽ ገደማውን ይዘው ወጡ። እንግዲህ የኛ ክላስ የትኛው እንደሆነ ሳይነገራችሁ ታውቁታላችሁ።

አሁን ወደ ማርኩ አሠራር እንምጣ። በወረቀት ላይ ያለው ደንብ ያምራል። ግማሹ ተከታታይ ምዘና፣ ግማሹ ፋይናል። ተከታታይ ምዘና ማለት መምህሩ ተማሪው የት ጋ እንደጠፋበት እየተከታተለ የሚያርምበት ነበር። በተግባር ምን ሆነ? አቴንዳንስ 5፣ ወንበር ላይ ለተቀመጠ አካል የሚሰጥ (ነፍሱ ዶርም ትተኛ አይጠየቅም)። የግሩፕ አሳይመንት 10፣ አንድ ቀለሜ ይሠራና አራት ስም ይጨመርበታል። ላብ 10፣ እሱን አውርተነዋል። ኩዊዝና ሚድ ደግሞ ታርመው ቁጥራቸው በር ላይ ይለጠፋል እንጂ ወረቀቱ አይመለስም። አንዳችን ሚድ ላይ ከ20 ሰባት አምጥቶ ወረቀቱን ሊጠይቅ ቢሮ ሄደ። "ምን ያደርግልሃል? ማርኩ እንደሆነ አይቀየርም" ነበር መልሱ። ቲቸር፣ ማርኩ እንዲቀየርማ አልነበረም የመጣው። አስራ ሦስቱ የት እንደገባ ሊያይ ነበር! ሐኪም ደም ወስዶ "ታመሃል" ብሎ በሽታውን ሳይነግር ቢያሰናብት ዝም እንል ነበር?

ከዚያ ግሬዱ ይመጣል። ባለፉት ዓመታት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የተስማሙበት ቁርጥ ስኬል አለ፤ 85 ኤ፣ 50 ሲ እያለ የሚወርድ። ግን ሁላችንም እንደምናውቀው የክላሱ ውጤት ሲያሽቆለቁል አንዱ መምህር "ላነሳላችሁ ነው" ይላል፣ ሌላው "በሪሌቲቭ ነው የምይዘው" ይላል፣ ሦስተኛው ምንም አይልም። የትኛው እንደሆነ የምናውቀው ግሬድ ሪፖርት ከወጣ በኋላ ነው። በአንድ ኮርስ፣ በአንድ ግቢ፣ በሁለት ሴክሽን ያሉ የአንድ ዶርም ልጆች በተመሳሳይ ጥሬ ማርክ አንዱ ቢ ሌላው ሲ ሲያገኝ በዓይናችን አይተናል።

ከሁሉም የሚከፋው ከርቩ ነው። በከርቭ የሚለካው ፊዚክስ ማወቅህ ሳይሆን አጠገብህ ካለው ልጅ መብለጥህ ነው። ክላሱ በሙሉ ኒውተንን ቢጠጣው እንኳ አንድ ሰው ኤፍ ይወስዳል። ክላሱ በሙሉ ባዶ ቢሆን ደግሞ ከባዶዎቹ የተሻለው ኤ ይሰቅላል። እንዲህ በሆነበት ቦታ ለጓደኛህ ማስረዳት የራስህን ግሬድ ቆርሶ መስጠት ነው። ከላይብረሪው መጽሐፍ ልክ የወርክሺቱ ምዕራፍ ተገንጥሎ የሚጠፋው፣ "የድሮ ፈተና አለህ እንዴ?" ሲባል "ኧረ የለኝም" የሚባለው ለምን መሰላችሁ? በእንጀራ የሚካፈሉ ልጆች በፈተና ወረቀት ሲደባበቁ የጠባይ ጉዳይ አይደለም፤ ሕጉ ያዘዛቸውን ነው ያደረጉት። ማዙር ከርቭን ያልተጠቀመው ለዚህ ነበር፤ ተማሪዎቹ እርስ በርስ እንዲያስረዱ ይፈልግ ነበርና።

"እና ምን ችግር አለው፣ አንድ ኮርስ ነው" የሚለን አይጠፋም። የእኛ አባቶች በገና ሰሞን ከዩኒቨርሲቲ የሚባረረውን ፍሬሽ "ክሪስማስ ግራጁየት" እያሉ ይስቁበት ነበር። ሳቁ ቀረ እንጂ መንፈሱ አልቀረም። የፍሬሽማን ዓመት በ2012 ዓ.ም. ሲመለስ ዓላማው ተማሪው ተረጋግቶ መሠረት እንዲይዝ ነው ተብሎ ነበር። ግን የዚያው ዓመት ውጤት የት ዲፓርትመንት እንደምትገባ ይወስናል። ከገጠር መጥቶ ላብ የሚባል ክፍል በሕይወቱ ያላየ ልጅና የግል ትምህርት ቤት ቱቶር ተቀጥሮለት የመጣ ልጅ በዚያች የመጀመሪያ ሴሚስተር እኩል ተለክተው ዕድሜ ልካቸው ይመደባሉ። የአሜሪካው ኤምአይቲ፣ ተማሪ ለቅሞ የሚያስገባው ኤምአይቲ፣ የመጀመሪያውን ሴሚስተር ፊደል አይጽፍበትም። ያለፈ "አልፏል" ይባላል፣ የወደቀበት ኮርስ ውጪ በሚታየው ትራንስክሪፕቱ ላይ አይሰፍርም። እነሱ ልጆቻቸው ለመልመድ ጊዜ ያስፈልጋቸዋል ብለው ነው። የኛዎቹ አያስፈልጋቸውም?

መምህራኖቻችንን አንረግምም። ሦስትና አራት ሴክሽን፣ በየሴክሽኑ 60 እና 70 ልጅ፣ ከወር ወር የማያደርስ ደመወዝ። በዚህ ላይ 250 ወረቀት እያረምክ ከእያንዳንዱ ጎን አስተያየት ጻፍ ማለት ቀልድ ይሆናል። ከታች የሚመጣልንም ይታወቃል፤ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ሁሉ ይዘን ግን አንድ ነገር አይገባንም። ታርሞ ያለቀን ወረቀት ለባለቤቱ መመለስ ስንት ብር ያስወጣል? የግሬድ አሠራሩን በመጀመሪያው ቀን በአንድ ገጽ ጽፎ መለጠፍስ የየትኛው በጀት ጥያቄ ነው?

"ስታንዳርድ ይወድቃል" ለሚሉን ደግሞ፣ የትኛው ስታንዳርድ? በ2015 ዓ.ም. የመጀመሪያው የመውጫ ፈተና በአገር አቀፍ ደረጃ ሲሰጥ ያለፉት 40 በመቶ ገደማ ነበሩ። የቀሩት 60 በመቶዎቹ ለዓመታት ኮርሶቻቸውን "አልፈዋል" የተባሉ፣ ለምርቃት የደረሱ ልጆች ናቸው። ይህንን ያህል ሰው ከውስጥ አሳልፎ ከውጪ የጣለ ማርክ ምኑ ነው የሚጠበቀው? እኛ ይቅለልልን አላልንም። እንዲያውም የሲኖትራኩ ጥያቄ ፋይናል ላይ ይምጣ ነው የምንለው፣ ብዙ ኤዎች እንደሚረግፉ እያወቅን። አቴንዳንስ ማርክ ይሰረዝ። ላብ ላይ ማርኩ ለቁጥሩ ሳይሆን ቁጥሩ እንዴት እንደተገኘና ስንት ሊሳሳት እንደሚችል ለጻፈ ይሰጥ። ከርቭ በፍሬሽማን ኮርስ ይከልከል። የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤት ዲፓርትመንት ምደባ ውስጥ አይግባ፤ ከሁለተኛው ይጀመር።

የዘንድሮ ፍሬሾች ሆይ፣ ሁለተኛው ላብ ፔንዱለም እንደሆነ ሰምተናል። 20.27 ካገኛችሁ 20.27 ብላችሁ ጻፉ፣ ከጎኑም ስንት ልትሳሳቱ እንደምትችሉ ጨምሩበት። ከዚያ ከ5 ስንት እንደተሰጣችሁ ሪፖርቱን ፎቶ አንስታችሁ ላኩልን። የመምህሩንም የግቢውንም ስም እናጠፋዋለን፣ ማርኩን ግን እናወጣዋለን።