መስኮቱ በጨለመ ጊዜ

ልጅ በምድጃ ዳር ተቀምጦ ተረት ሲነገረው፣ ተራኪው ከመካከል ዝም ያለ እንደ ሆነ «ከዚያስ በኋላ?» ሳይል አይተኛም። ይህ ጠባይ የሕፃናት ብቻ አይደለም፤ የሸበቱ ሰዎችም መጨረሻውን በተነፈጉ ጊዜ እንደ ሕፃን ያኰርፋሉ። ለዚህ ምስክር የሚሆነን በአሜሪካ አገር «ዘ ሶፕራኖስ» የተባለው የወንጀለኞች ድራማ በቴሌቪዥን የተፈጸመበት ምሽት ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ድራማው ዴቪድ ቼዝ በተባለ ደራሲ የተፈጠረ ሲሆን፣ ኤች ቢ ኦ በተባለው ጣቢያ ከ1999 እስከ 2007 ዓ.ም. ድረስ በ86 ክፍሎች ታይቷል። ታሪኩ በኒው ጀርሲ የሚኖር ቶኒ ሶፕራኖ የሚባል የማፊያ አለቃ ታሪክ ነው። ይህ ሰው በቤቱ ባልና አባት ነው፤ ስለ ልጆቹ ይጨነቃል፤ ከሚስቱ ጋር ይጣላል፣ ይታረቃል፤ ጭንቀት በጸናበትም ጊዜ ወደ አእምሮ ሐኪም ይሄዳል። ከቤቱ ሲወጣ ግን ይዘርፋል፣ ያስፈራራል፣ ይገድላል፤ እንደ ልጅ ያቀረበውን ዘመዱን እንኳ በገዛ እጁ አፍኖ ገድሎታል። ሆኖም ጄምስ ጋንዶልፊኒ የተባለው ተዋናይ ባሕርዩን እጅግ ሕያው አድርጎ ስለ ተጫወተው፣ ተመልካች ሁሉ ሰውየውን እንደ ጎረቤቱ ለመደው፤ ወደደውም።

ሰኔ 10 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ እሑድ ምሽት፣ 12 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የመጨረሻውን ክፍል ለማየት ተቀመጡ። ቶኒ በአንድ ትንሽ ምግብ ቤት ገብቶ ቤተ ሰቡን ይጠብቃል። ሚስቱ ትመጣለች፤ ወንድ ልጁም ይከተላል፤ በዘይት የተጠበሰ ሽንኩርት ቀርቦላቸው ይቀማምሳሉ። ሴት ልጁ በውጭ መኪናዋን ለማቆም ትቸገራለች። አንድ ያልታወቀ ሰው በአጠገባቸው አልፎ ወደ መጸዳጃ ቤት ይገባል። የበሩ ደወል ያቃጭላል፤ ቶኒም ቀና ይላል፤ በዚያች ቅጽበት ምስሉም ድምፁም በአንድነት ተቋረጠ። ዐሥር ሰኮንድ ያህል ጨለማ ብቻ ሆነ፤ ከዚያም የሠራተኞቹ ስም ወጣ፤ ታሪኩም በዚሁ አለቀ።

ብዙዎች የቴሌቪዥኑ መስመር የተበላሸ መስሏቸው ደነገጡ። ነገሩ የታሰበበት መሆኑን ባወቁ ጊዜ ግን ከፊሉ ተቈጣ፤ «ይህን ያህል ዘመን ጠብቀን ተታለልን» አለ። ከፊሉ ደግሞ አመሰገነ፤ ጨለማው የቶኒ ሞት ነው፣ ሞት ለእንዲህ ያለ ሰው ሳይታይ ይመጣልና ብሎ ተረጐመው። ሌሎችም «አልሞተም፤ ቅጣቱ ደወል በተሰማ ቍጥር እየደነገጠ መኖር ነው» አሉ። ክርክሩ በዚያ ሳምንት አልበረደም፤ ለብዙ ዓመታት ቀጠለ።

ይህን ከአንድ ከቀደመ መጨረሻ ጋር ብናስተያየው ነገሩ ይበልጥ ይገለጥልናል። «ዘ ፊውጂቲቭ» የተባለው ድራማ ሚስቱን ገድሏል ተብሎ በሐሰት ሞት ስለ ተፈረደበት ሐኪም የሚተርክ ነበር። ነሐሴ 29 ቀን 1967 ዓ.ም. ፍጻሜውን 78 ሚሊዮን ያህል አሜሪካውያን እንደ ተመለከቱት ተገምቷል። እውነተኛው ገዳይ ተገኘ፤ ግድያውን አይቶ በፍርሃትና በኀፍረት ዝም ብሎ የኖረው ጎረቤት ለመመስከር ተነሣ፤ ሐኪሙም ሲያሳድደው ከኖረው የፖሊስ መኮንን ጋር ተጨባበጠ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደ ተባለው ነው። የዚያ ዘመን ተመልካች አራት ዓመት የጠበቀው የንጹሕ ሰውን ነጻ መውጣት ነበር።

በ2007 ዓ.ም. ግን የተጠበቀው ምን ነበር? ቼዝ ራሱ በኋላ ይህን ነገር በትዝብት አንሥቶታል፤ ሰዎች ስምንት ዓመት ሙሉ ቶኒን ሲደግፉት ኖረው፣ በመጨረሻ ደሙ ሲፈስ ለማየት መጓጓታቸው እንዳሳዘነው ተናግሯል። ወቀሳው የሚያሳምም ነው፤ ሐሰት ነው ለማለት ግን ያስቸግራል። አብረን ሥቀን፣ አብረን አምልጠን፣ በመጨረሻው ሰዓት ዳኛ ሆነን መቀመጥ እንወዳለን። የእርሱ ሞት የእኛን ዕዳ የሚከፍልልን ይመስለናል።

ፍርድስ ከዚያ ምሽት አስቀድሞ ተሰጥቶ ነበር፤ ብዙ ሰው ግን ልብ አላለውም። ከመጨረሻው በፊት በታየው ክፍል፣ ቶኒን ለዓመታት ስታዳምጥ የኖረችው ሐኪም ዶክተር ሜልፊ፣ እንዲህ ያለ ሰው በንግግር ሕክምና እንደማይድን፣ ይልቁንም ተንኰሉን እንደሚያሠለጥንበት ከሙያዋ ጽሑፍ ተረዳች። ስለዚህ አሰናበተችው፤ በሩንም ዘጋችበት። ጥይት አልተተኰሰም፤ ደምም አልፈሰሰም። እርስዋ እንደ ተመልካቹ በቶኒ ወግ ተማርካ የኖረች ሴት ነበረች፤ ነገር ግን ሌላ ሰው እስኪቀጣው ሳትጠብቅ የራስዋን ድርሻ ፈጸመች።

እንግዲህ በየቤታችን ልጆቻችንን ይዘን እንዲህ ያለውን ታሪክ የተመለከትን እንደ ሆነ፣ «ሞተ ወይስ ዳነ?» በሚለው ክርክር ብቻ ባንለያይ መልካም ነው። ይልቅስ «ከተገደሉት መካከል የስንቱን ስም ታስታውሳላችሁ?» ብለን እንጠይቃቸው። የገዳዩን ሚስት፣ የልጆቹን ጠባይ፣ የሚወደውን ምግብ ሳይቀር ሊነግሩን ይችሉ ይሆናል፤ የሟቾቹን ስም ሲጠየቁ ግን ዝም ይላሉ። እኛም ብንጠየቅ ከእነርሱ የተሻለ መልስ የሚኖረን አይመስለንም። በጨለመው መስኮት ላይ የራሱን ፊት ያየ ሰው፣ መጨረሻውን ተነፍጌአለሁ ብሎ ባያዝን ይገባዋል።