አባቶቻችን በእኛ ፊት የማይመልሱት ጥያቄ

ብዙዎቻችን ሐኪም ቤት ለወላጆቻችን እናስተረጉማለን። እኔ ግን ለአንድ ጥያቄ ከክፍሉ ብንወጣ እላለሁ፦ «አጭሰው ያውቃሉ?»

ከልብ የሚነሳው ትልቁ የደም ቧንቧ፣ አኦርታ፣ ሆድ ውስጥ ስፋቱ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ተወጥሮ 3 ሲደርስ አኑሪዝም ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ አያምም፤ ከፈነዳ ግን ብዙዎች ሐኪም ቤት ሳይደርሱ ይሞታሉ። ቀድሞ ከተገኘ በአልትራሳውንድ ይከታተሉታል። በወንዶች 5.5 ሲደርስ ሆድ ተከፍቶ ወይም በብሽሽት በኩል በሚገባ ስቴንት ይጠገናል።

እዚህ አሜሪካ ከ65 እስከ 75 ዓመት ያሉ፣ አጭሰው የሚያውቁ ወንዶች አንድ ጊዜ በአልትራሳውንድ እንዲታዩ ይመከራል። መለኪያው በዕድሜ ዘመን 100 ሲጋራ ነው፤ 5 ፓኮ ማለት ነው። ከ30 ዓመት በፊት የተወም ይቆጠራል።

ታዲያ የትኛው አባት ነው በልጁ ፊት «አዎ» የሚለው? «ኧረ በፍጹም!» ይላል፤ እኛም «ኖ» ብለን እንተረጉማለን፤ ምርመራው እዚያው ይቀራል።

ቀጠሮ ስንይዝ የሆስፒታሉን አስተርጓሚ እንጠይቅ፤ አይከፈልበትም። እኛ ውጭ እንጠብቃቸው።