የፍልስፍና ድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የጥናት ፍላጎት ብዝኀነትና የጋራ መነጋገሪያ ቋንቋ

በአንድ የፍልስፍና ትምህርት ክፍል በአንድ ዓመት የሚቀርቡ የድኅረ ምረቃ ጥናት ርዕሶች ጎን ለጎን ሲነበቡ የአንድ ሙያ ሥራዎች መሆናቸውን ለማመን ሊያዳግት ይችላል። አንዱ ተማሪ ስለ ካንት የግዴታ ሥነ ምግባር ይጽፋል፤ ሌላው የገዳ ሥርዓት ሥልጣንን ስለሚገድብበት አስተሳሰብ ይመረምራል፤ ሦስተኛዋ የዘርዐ ያዕቆብን ሐተታ ታጠናለች፤ አራተኛው ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሚሰጠው ውሳኔ ተጠያቂው ማን እንደ ሆነ ይጠይቃል፤ አምስተኛዋ ደግሞ የቡድን መብትን በፖለቲካ ፍልስፍና ዓይን ታያለች።

ይህን ልዩነት በሚመለከት ሁለት ዓይነት ፍርድ ሲሰጥ ይሰማል። የመጀመሪያው ልዩነቱን እንደ መበታተን ይቆጥረዋል፤ መምህርና መጽሐፍ በሚያጥርበት አገር የጥናት ርዕስ በአገራዊ ፍላጎት ተለይቶ ሊሰጥ ይገባል ይላል። ሁለተኛው ልዩነቱን የምርምር ነጻነት ምልክት አድርጎ ያከብርና እያንዳንዱን በየመንገዱ ያሰናብታል። ሁለቱም ዋናውን ጉዳይ ይስቱታል። ችግሩ ፍላጎቶቹ መብዛታቸው ሳይሆን የሚገናኙበት መድረክና ቋንቋ መታጣቱ ነው።

ብዝኀነቱ ለምን ሊጠበቅ ይገባል

ርዕስን በአገራዊ ፍላጎት የመወሰን ሐሳብ የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። ለአገር የሚጠቅመው ጥያቄ የትኛው እንደ ሆነ አስቀድሞ ማወቅ የሚቻል ከሆነ ምርምሩ ራሱ አላስፈላጊ በሆነ ነበር። ለዚህ ከሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ ጉዳይ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል። መጽሐፉ ስለ ራሱ እንደሚተርከው ደራሲው እ.ኤ.አ. በ1599 በአክሱም አካባቢ ተወለደ፤ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በተነሣው የሃይማኖት ጠብ ሸሽቶ ለሁለት ዓመት በዋሻ ተቀመጠ፤ በስተርጅናው በ1667 በደቀ መዝሙሩ በወልደ ሕይወት ልመና ሐሳቡን ጻፈ። የእጅ ጽሑፉ ግን ለአውሮፓ ሊቃውንት የታወቀው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለው ጣሊያናዊ የካፑቺን ሚስዮናዊ ለአንትዋን ዳባዲ ከላከው በኋላ ነው። ኤኖ ሊትማን በ1904 የግእዙን ጽሑፍ አሳተመ። በ1920 ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ መጽሐፉ የሚስዮናዊው የራሱ ድርሰት ነው የሚል ክርክር አነሣ። ለብዙ ዓመታት በአዲስ አበባ ያስተማሩት ካናዳዊው ክላውድ ሰምነር ደግሞ የሐተታውን ኢትዮጵያዊነት በሰፊው ተከላከሉ። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም።

ይህን ጥያቄ አንድ ዓይነት ተመራማሪ ብቻውን ሊፈታው አይችልም። የግእዝ ሰዋስው የሚያውቅ የአነጋገሩን ዘመን ይመረምራል፤ የእጅ ጽሑፍ አጥኚ የወረቀቱንና የጽሕፈቱን ታሪክ ይከተላል፤ የ17ኛውን ክፍለ ዘመን የኢትዮጵያ ታሪክ የሚያጠና የተጠቀሱትን ሰዎችና ቦታዎች ያገናዝባል። ዴካርትን ያጠና ተማሪ ደግሞ ሌላው የማይችለውን ይሠራል፤ በሐተታውና በአውሮፓ ፈላስፎች መካከል የሚታየው መመሳሰል የመከራከሪያ ሐሳብ መመሳሰል ነው ወይስ የስሜት መቀራረብ ብቻ የሚለውን ይለያል። መጽሐፉ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ከሆነ የኢትዮጵያ የሐሳብ ታሪክ በአንድ መልክ ይጻፋል፤ የ19ኛው ከሆነ በሌላ መልክ ይጻፋል። ስለ ዴካርት መጻፍ ለአገር አይጠቅምም ተብሎ የተከለከለ ተማሪ ቢኖር ኖሮ ከዚህ ክርክር አንድ አስፈላጊ ምስክር በጎደለ ነበር።

በአካባቢ ሥነ ምግባር የሆነውም ተመሳሳይ ነው። የኦሮሞ ሕዝብ ስለ ተፈጥሮ ያለውን አስተሳሰብ፣ በተለይም ሰው ከፍጥረት ጋር ሊጠብቀው የሚገባውን ሥርዓት የሚገልጸውን የሰፉን ጽንሰ ሐሳብ ያጠኑት እንደ ወርቅነህ ቀልቤሳ ያሉ ምሁራን የፍልስፍና ጥያቄ ከገበሬና ከአርብቶ አደር ዕውቀት ጋር ሊገናኝ እንደሚችል አሳይተዋል። ይህም ርዕስ ከፍላጎት ተነሥቶ እንጂ በትእዛዝ የተወለደ አይደለም።

መለያየቱ ከምን ይመነጫል

ሆኖም ነጻነትን ማክበር ብቻውን አይበቃም። ተማሪዎች በአንድ ክፍል ተቀምጠው፣ በአንድ ቤተ መጻሕፍት ተገልግለው፣ አንዱ የሌላውን የመመረቂያ ጽሑፍ ሳያነብ ሊመረቁ ይችላሉ። ለዚህ አንዱ ምክንያት እያንዳንዱ ጽሑፍ የሚያነጋግረው ሩቅ ያለውን አንባቢ መሆኑ ነው። ስለ ካንት የሚጽፈው ከካንት ተርጓሚዎች ጋር፣ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚጽፈው ከምዕራባውያን መጽሔቶች ጋር በእንግሊዝኛ ይነጋገራል፤ አጠገቡ ከተቀመጠችው ባልንጀራው ጋር ግን የሚነጋገርበት ነገር አያገኝም። የቤኒኑ ፈላስፋ ፖሊን ሁንቶንጂ ይህን የአፍሪካ ምርምር ዝንባሌ ወደ ውጭ ማዘንበል ብለው ነቅፈውታል፤ ጥያቄው ከውጭ ይመጣል፣ መልሱም ወደ ውጭ ይላካል።

ይህን ክፍተት ለመሙላት አንድ የተለመደ መውጫ አለ፤ እርሱም በመጨረሻው ምዕራፍ ላይ «ለኢትዮጵያ ያለው ፋይዳ» የሚል ርዕስ መጨመር ነው። አራት ምዕራፍ ስለ ሌላ ዓለም ተጽፎ በአምስተኛው ጥቂት ገጾች ኢትዮጵያ ትጠራለች። ይህ ዓይነቱ ምዕራፍ ጥቅሙ አነስተኛ ነው፤ ጥያቄው ሳይለወጥ መልሱ ብቻ አገር ስለሚቀይር ነው። አንድ አስተሳሰብ በአንድ አገር ሥር መስደዱ የሚታወቀው በመጨረሻው ምዕራፍ ሳይሆን በመጀመሪያው፣ ጥያቄው በተጠየቀበት ቃል ነው።

ቃል እንደ መገናኛ

ጋናዊው ፈላስፋ ክዋሲ ዊሬዱ ለአፍሪካ ፈላስፎች ያቀረቡት ምክር እዚህ ላይ ይጠቅማል። ምክራቸው በውጭ ቋንቋ የተማሩትን የፍልስፍና ችግር በራስ ቋንቋ እንደ ገና አስቦ፣ ችግርነቱ ይቀጥል እንደ ሆነ መመርመር ነው። እርሳቸው ራሳቸው ይህን በአካን ቋንቋ ሞክረውታል፤ እውነት ማለት ከእውነታ ጋር መስማማት ነው የሚለው የታወቀ ንድፈ ሐሳብ በአካን ሲነገር ብዙ የሚያስረዳው ነገር እንደማይቀረው አሳይተዋል። በአማርኛስ? «እውነት» እና «እውነታ» ከአንድ ቃል የወጡ ናቸው፤ አጠገባቸውም «ሐቅ» አለ። ሦስቱን ለይቶ የማያውቅ የሥነ ዕውቀት ተማሪ ንድፈ ሐሳቡን በአማርኛ ሲያስረዳ አንዱን ቃል በሌላው እየተረጎመ መሽከርከሩ አይቀርም። ለይቶ የሚያውቅ ግን በእንግሊዝኛው መጽሐፍ ያላገኘውን ጥያቄ ሊያገኝ ይችላል።

ሁለተኛው ምሳሌ ከሰው ሠራሽ አስተውሎት ይወሰዳል። በአማርኛ ማስተዋል መረጃን ከማቀናበር ይበልጣል፤ አስተዋይ ሰው ጊዜንና ቦታን ለይቶ፣ የሌላውን ሁኔታ ተመልክቶ፣ ረጋ ብሎ የሚፈርድ ነው። ስለዚህ «አስተውሎት» የሚለው ቃል ለማሽን ሲሰጥ ከቴክኒክ ስያሜ ያለፈ ፍርድ አብሮ ተሰጥቷል። ማሽኑ ያስተውላልን? ይህ ጥያቄ በእንግሊዝኛ ለሚጽፈው ተማሪ በዚህ መልኩ አይነሣም። ከጎኑ የተቀመጠችው የሐተታ ተማሪ ግን ልቡና የሚለውን የግእዝ ቃል ለወራት ስታገላብጥ ቆይታለች፤ በሐተታው ሰው እውነትንና ሐሰትን የሚለየው ለሁሉም በተሰጠው ልቡና ነው። አማርኛው «ልብ በል» ሲል የማሰብንና የማትኮርን ሥራ ለልብ ይሰጣል፤ «ቀልብህን ሰብስብ» የሚለውም እንዲሁ ነው። የአፋን ኦሮሞው «ቀልቢ» ደግሞ አእምሮንና ትኩረትን ያጣምራል። በኢትዮጵያ ቋንቋዎች ማሰብና መጨነቅ፣ ማወቅና ኀላፊነት መውሰድ በአንድ ቃል የሚያድሩ ከሆነ፣ የማሽን ውሳኔ ተጠያቂነት ጥያቄ አዲስ መልክ ይይዛል። ሦስቱ ተማሪዎች የሚገናኙበት ስፍራ ይህ ነው።

ሦስተኛው ፍትሕ ነው። ጆን ሮልስ በ1971 ባሳተሙት መጽሐፍ ፍትሕን ከርትዕ ጋር አስተሳስረው ተረጎሙ። በአማርኛ የፖለቲካ ፍልስፍና የሚያጠና ሰው ሁለቱን ቃላት ከፊቱ ተዘጋጅተው ያገኛቸዋል። ፈትሐ በግእዝ መፍታትም መፍረድም ነው፤ ከዚሁ ሥር የቃል ፍቺም የጋብቻ ፍቺም ወጥቷል። ርትዕ ደግሞ ቀጥተኛነትን ያመለክታል። ፍርድን የታሰረን ነገር እንደ መፍታት የሚያይ ቋንቋ እና ፍርድን በተስማሙ ወገኖች መካከል እንደሚደረግ ውል የሚያይ ንድፈ ሐሳብ በምን ይገናኛሉ፣ በምንስ ይለያያሉ? ይህ ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ ጥያቄ ነው፤ የገዳን ሥርዓት የሚያጠናውንና የቡድን መብትን የምታጠናውን ባለ ጉዳይ ያደርጋል።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ ምርምር ዓለም አቀፍ አንባቢ ይፈልጋል፣ ስለዚህ በእንግሊዝኛ መጻፉ ግድ ነው የሚል ነው። ተቃውሞው ትክክል ነው፤ ነገር ግን የሚያስከትለው መዘዝ የለም። የቀረበው ሐሳብ እንግሊዝኛውን መተው ሳይሆን ከእርሱ ጎን ሁለተኛ ጽሑፍ መጻፍ ነው።

ሁለተኛው የበለጠ ክብደት አለው። አማርኛ የሁሉም ተማሪ የአፍ መፍቻ ቋንቋ አይደለም፤ የፍልስፍና ቃላትን በአንድ ቋንቋ ብቻ መሥራት አዲስ መገለል ሊፈጥር ይችላል። በመሆኑም ጽሑፉ ተማሪው በሚያስብበት በየትኛውም የኢትዮጵያ ቋንቋ ሊጻፍ ይገባል። ከላይ የተጠቀሰው ቀልቢ እንደሚያሳየው ከአንዱ ቋንቋ የተገኘው ፍሬ ለሌላው ቋንቋ ተመራማሪ ጥያቄ ይሆናል።

ሦስተኛው መተርጎም ማሰብ አይደለም የሚል ነው። ለዚህ የአገሪቱ የጽሑፍ ታሪክ መልስ አለው። ፊሳልጎስ ከግሪክ፣ መጽሐፈ ፈላስፋ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ተመልሰዋል። ሰምነር እነዚህን ሥራዎች ሲያጠኑ ደጋግመው የተናገሩት ነገር የኢትዮጵያ ተርጓሚዎች የተቀበሉትን እንዳለ አለማስተላለፋቸውን፣ እየጨመሩና እየቀነሱ ለራሳቸው እንዲስማማ አድርገው መሥራታቸውን ነው። የውጭን ሐሳብ በራስ ቃል መልሶ መሥራት በዚህ አገር የፍልስፍና አንዱ ጥንታዊ መንገድ ነው።

ምን ይደረግ

መፍትሔው ትልቅ በጀት አይጠይቅም። እያንዳንዱ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ከመመረቂያ ጽሑፉ ጋር ከሦስት እስከ አምስት ገጽ የሚሆን፣ ጥናቱ የቆመበትን አንድ ዋና ቃል በአንድ የኢትዮጵያ ቋንቋ የሚመረምር ጽሑፍ ቢያቀርብ፣ ጽሑፎቹም በየዓመቱ ተሰብስበው ቢታተሙ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከመዝገበ ቃላት የተሻለ የጋራ መሣሪያ ይገኛል። በተጨማሪ በየወሩ በሚደረግ ውይይት ተማሪው የራሱን ሳይሆን የባልንጀራውን ጥናት እንዲያቀርብ ቢደረግ ማንበብ ግዴታ ይሆናል። የካንት ተማሪ የገዳን ጥናት ለሌሎች ማስረዳት ካለበት፣ ባለ ጥናቱም ያልተብራራውን ነገር በባዕድ አንደበት ሲሰማ ያስተውለዋል።

የዚህ ጉዳይ ጥቅም በትምህርት ክፍሉ አይወሰንም። ሎጂክና ሂሳዊ አስተሳሰብ በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች በጋራ የሚሰጥ ትምህርት ከሆነ በኋላ፣ የፍልስፍና ምሩቃን በየክልሉ ለኢንጂነሪንግም ለሕክምናም ለግብርናም ተማሪ ያስተምራሉ። ያ ተማሪ ከዚህ በኋላ ፍልስፍናን ዳግም ላያገኘው ይችላል። መምህሩ እውነትን፣ ፍትሕን፣ ማስተዋልን በተማሪው ቃል መተንተን ካልቻለ ትምህርቱ ለፈተና ተሸምድዶ ይረሳል፤ ከቻለ ግን ተማሪው በቤተ ዘመድ ሽምግልናም፣ በሥራ ቦታ ክርክርም ይዞት ይገባል። የጥናት ፍላጎታቸው የተለያየ አምስቱ ተማሪዎች ዛሬ በአንድ ክፍል ሳሉ ካልተነጋገሩ፣ ነገ በአምስት ዩኒቨርሲቲዎች ተበትነው ሲያስተምሩ የሚነጋገሩበት ዕድል እጅግ ጠባብ ነው።